በሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ

ብርቄ ወደ ደባርቅ የሄደች ዕለት ባሏ አንዳርጋቸው ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። በሩን ከውጭ ቆልፎ ስለወጣ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ሚኒባሱ መጥቶ ሲቆም ብርቄ አንድ እግሯን ከውስጥ ካደረገች በኋላ ዘወር አለችና፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንዳርጌ፣ ሩጫው ካለቀ በኋላ ወደዚያ ቤት የምመለሰው ቃልኪዳን በጠራራ ፀሐይ በበሩ የምትወጣ ከሆነ ነው። ያለዚያ ልጄን ይዤ ደባርቅ እህቴ ጋ እኖራለሁ። እኔ ደክሞኛል።»

አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ልትሮጥ የምትዘጋጅ ሴት ደክሞኛል ስትል ምን ይባላል? ሚኒባሱ ሄደ፤ እሱም ወደ ቆለፈው በር እየሮጠ ተመለሰ።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ቃልኪዳን የሁለቱ አንድ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ ደስ ሲላትም ሲከፋትም በአንድ ዜማ ታንጎራጉራለች። የነጠላ ወይም የቀሚስ ጥለት ካገኘች በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። ድንገተኛ ጩኸት ከሰማች ግን ጆሮዋን ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ ሲብስባት የራሷን እጅ ትነክሳለች። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ካለ አምስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ይኖሩበት በነበረው የጎንደር ሰፈር ግን ከሐኪሙ በላይ ሐኪም ያልሆነ ሰው አልነበረም። አንዱ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፤ አንዷ ጠበል ለጠበል ካላዞራችኋት ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ እናትየዋ ምን ብትበድል ነው እያለች፣ ለእናትየዋ በሚሰማ ድምፅ ታንሾካሹካለች። በመጨረሻ አከራያቸው ቤቱን ለዘመድ ፈለግሁት ብላ አስወጣቻቸው። ዘመድ የተባለው እስከ ዛሬ አልገባበትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማው ዳር፣ ፀዳ ላይ ቤት ተከራዩ። በገቡ በሳምንቱ የሰፈሩ የማርያም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አያ አለነ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ መጡ። ወግ ነውና «ልጅስ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንዳርጋቸው የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሠራተኛ ነው፤ የሰው ማስረጃ እውነት ይሁን ሐሰት ሲያጣራ ነው የሚውለው። እሱው ራሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አንዲት አለችን፤ ማክሰኝት አያቷ ጋ ነው የምታድገው» አለ። አያትየዋ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነበር። ብርቄ ለእንግዳው ውሃ ይዛ ስትመጣ ሰማች፤ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

«ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የአንዳርጋቸው ሐሰት ግን እያደር ከበደ። መጋረጃው ከጠዋት እስከ ማታ አይገለጥም። ልጅቷ አየር የምታገኘው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰው ሲያንኳኳ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ድምፁም ይጨመራል። ብርቄ ሦስት ጊዜ «ይብቃን» አለችው፤ እሱም ሦስት ጊዜ፣ «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣ»፣ «መስቀል ይለፍ» እያለ ቃል ገባ። ፋሲካውም ክረምቱም መስቀሉም አለፉ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የልጁን ፀጉር ራሱ ነው የሚያበጥርላት፣ የምትበላውን ራሱ ነው የሚሠራላት፤ ሌላ ሰው ስለ እሷ አፉን ሲከፍት መስማት ግን ከሞት ይብስበታል። ሰው ከልጁ የሚያርቀውን ነገር ለልጁ ሲል የሚያደርገው ይመስለዋል፤ አንዳርጋቸውም እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ሩጫውን ያመጡት የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ናቸው። ተሰባስበው ኅብረት አቋቋሙና፣ ልጆቹ ቀን የሚውሉበትና የሚማሩበት ቤት ለመክፈት ከማክሰኝት ተነስቶ ጎንደር ፒያሳ የሚያልቅ ማራቶን አዘጋጁ። ብርቄ የዳባት ልጅ ናት። ልጃገረድ ሳለች ለዞኑ ትሮጥ ነበር፤ ቃልኪዳን ስትወለድ ጫማዋን ሰቀለች። ወሬውን በሬዲዮ ሰማች፤ ያው ልጅቷን ለመሸፈን በሚጮኸው ሬዲዮ መሆኑ ነው። በነጋታው ከሌሊት ልብሷ በላይ ሹራብ ደርባ ወጥታ እስከ አዘዞ ሮጠች። ሲያያት ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ እንደ ድሮው በርቶ ነበር። አንዳርጋቸውም ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ቀናባትም። እሷ መውጫ አገኘች፤ እሱ ግን የቱ ጋ ሊሮጥ ነው?

ከዚያ በኋላ የሚቻለውን ሁሉ አደረገላት። ጀርባው ላይ «ለኦቲዝም ልጆች እሮጣለሁ» የሚል ካናቴራ ለብሳ ስትሮጥ፣ የሰፈሩ ሰው «ጎበዝ! ለሰው ልጅ እንዲህ መጨነቅ!» እያለ ሲያደንቃት ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ። የድሮ አሠልጣኟ ሁለት ወር ደጋ ላይ ካልተለማመድሽ ባላት ጊዜ ደግሞ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዱን ሁሉ ጠይቆ ቤት ተቀመጠ። እንዲህ ነው ብርቄ ወደ ደባርቅ የሄደችው።

ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው። ብርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈችው አስቦት አያውቅም ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሥራው ሁሉ አልቆ፣ የሚያናግረው ሰው ሳይኖር፣ መጋረጃው ሥር በገባችው ጭላንጭል ቀኑ ስንት እንደደረሰ እየገመተ ይቀመጣል። ከውጭ የጎረቤት ሳቅ ይሰማል። ጥምቀት ሲደርስ ታቦታቱን ሊሸኝ አገር ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጣ፤ እሱ ከበሮው ጎልቶ እንዳይሰማት በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ወጥሮ፣ ልጁን እቅፉ ውስጥ አድርጎ ዋለ። ጎንደር ተወልዶ ጥምቀትን በብርድ ልብስ የከለለ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ሥራ ብቻ ደስ ይለዋል፤ የበሶው። ለሯጭ ከበሶ የሚበልጥ ስንቅ የለም። ገብሱን ራሱ ለቅሞ ይቆላል፣ ያስፈጫል፣ በየቅዳሜው በአውቶቡስ ይልክላታል። የመጀመሪያውን አሳረረው፤ ሁለተኛው ጥሬ ሆነ፤ ሦስተኛውን ብርቄ ደውላ «ይኼስ ሸጋ ነው» አለችው። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ቃል ለራሱ እየደጋገመ ከረመ። ማታ ማታ ይደዋወላሉ፤ ግን ወሬያቸው አጭር ነው። «ስንት ሮጥሽ?» «ሠላሳ ሁለት።» «ብርዱስ?» «ውርጭ ነው። ልጄስ?» «በላች።»  ስልኩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ታኅሣሥ ማርያም ዕለት ልጁን እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብሎ ማኅበሩ ላይ ብቅ አለ። የሚቀጥለው ባለ ተራ ሐዘን ላይ ነበር። አያ አለነ ወዲያ ወዲህ አዩና በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንስተው አንዳርጋቸው እጅ ላይ አኖሩት።

«አያ አለነ፣ ሚስቴ እኮ የለችም» አለ ደንግጦ።

«ሚስትህ ብትሮጥ ማርያም ትቀራለች እንዴ? ጽዋ እጅ ከገባ አይመለስም፤ ጎረቤት ያግዝሃል።»

ማገዝ የተባለው ነው ያስፈራው። ማኅበር ማለት ሃያ አራት ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ በልቶና ጠጥቶ የሚወጣበት ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። ያን ዕለት ማታ ብርቄን «አንድ ቀን መጥተሽ ቃልኪዳንን ውሰጃት፤ ከማኅበሩ በኋላ መጥቼ እመልሳታለሁ» ብሎ ለመናት። 

«ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ በሶ የሚያቀብለኝ ባሌ ነው ብዬ አስመዝግቤሃለሁ» አለች ብርቄ። «እዚያው ፀዳ፣ አስፋልቱ ዳር። ያን ቀንስ ልጄን ማን ሊይዛት ነው? እንደ ልማድህ ትቆልፍባታለህ? እኔ የምሮጠው አንተ በደንብ እንድትደብቃት አይደለም፣ አንዳርጌ።»

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ እንኳየሁ ናቸው፤ እንስራ አዝለው፣ ጌሾና ብቅል ይዘው ጠላውን ሊጠነስሱ መጥተዋል። አንዳርጋቸው እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ድምፁን ጨመረ፣ ከዚያ በሩን በጠባቡ ገለጥ አደረገ።

«እትዬ፣ አይድከሙ፤ ጠላውን እገዛዋለሁ።»

«ምነው! የማኅበር ጠላ ይገዛል እንዴ? ስድ!» አሉና በትከሻቸው በሩን ገፋ አደረጉት። ከጓዳ የቃልኪዳን እንጉርጉሮ ከሬዲዮው በላይ ወጣ። አንዳርጋቸው ሳል ጀመረው። ሴትዮዋ እንስራቸውን አወረዱና ወደ ሬዲዮው እያመለከቱ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል እንደሚል ሰው በለሆሳስ ተናገሩ።

«ይኸን ነገር ቀንሰው፣ አንዳርጌ። ልጅቷን ይረብሻታል።»

ሳሉ ቀጥ አለ። እጁ ወደ ሬዲዮው ሄዶ ዘጋው። ዝም ባለው ቤት ውስጥ እንጉርጉሮው ብቻ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አለ።

«ከገባችሁ በወሩ። ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው። ውሻችን በጮኸ ቁጥር ስትነቃ እንሰማ ነበር፤ ኋላ ውሻውን ለወንድሜ ሰጠነው። አያ አለነም ያውቃሉ፣ ሁሉም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?»

«ታዲያ ምነው ሁለት ዓመት ዝም አላችሁኝ?»

እትዬ እንኳየሁ እንደ ተሰደበ ሰው አዩት። «የሰው ገመና እንግለጥ? አንተ የሸፈንከውን? ማክሰኝት ናት አልክ፤ ማክሰኝት ናት አልን። ምን ዓይነት ሰው መሰልንህ!» ካሉ በኋላ ቀስ ብለው ጨመሩ፦ «ብርቄ አንድ ቀን ቦኖው ጋ አለቀሰችብኝ። እኔ ላናግረው ስላት፣ አይሆንም፣ ራሱ ይክፈተው አለችኝ።»

አንዳርጋቸው እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሰፈሩ ያውቃል፤ ሚስቱም ሰፈሩ እንደሚያውቅ ታውቃለች። ሁሉም እሱን እንዳያሳፍሩ ኮቴያቸውን አጥፍተው በቤቱ ዙሪያ ሲመላለሱ ኖረዋል። እሱ ሰውን ከልጁ የከለለ መስሎት፣ የተከለለው እሱ ብቻውን ነበር። ያፈረው በልጁ ሳይሆን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ የሚመልሳቸውም የለም። እትዬ እንኳየሁ እንባውን እንዳላየ ሆነው ወደ ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ እንጉርጉሮው ዝግ አለ። አጮልቆ ሲያይ ቃልኪዳን መሬት ላይ ተቀምጣ የሴትዮዋን የነጠላ ጥለት በጣቷ ትከተላለች፤ እሳቸው ብቅሉን ያሻሉ።

የጥር ማርያም ዕለት ማኅበርተኛው ቤቱን ሞላው። ጓዳው አልተዘጋም። አንዳርጋቸው ጠላ ይቀዳል። ጸሎቱ መሐል ላይ ሲደርስ ቃልኪዳን ወጣች፤ በሴቶቹ ፊት ከአንዱ ጥለት ወደ ሌላው እየዳሰሰች አለፈች። እንግዳ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ኢየሱስ የባለቤቶቹን ስመ ክርስትና ጠርተው ሊመርቁ ተነሱ። ማኅበሩ ሲገቡ አንዳርጋቸው ለጸሎት ያስመዘገበው የሁለት ሰው ስም ብቻ ነበር።

«ኃይለ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን…» አሉ አባ፣ ከዚያ ቆም አሉ። የቆሙት ሆን ብለው ይሁን ትንፋሽ ለመሳብ አልለየም።

«ሦስተኛ አለች» አለ አንዳርጋቸው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ወለተ ሥላሴ። ልጃችን ናት።»

አባ ሦስቱንም ስም ጠርተው መረቁ፤ ማኅበርተኛውም አሜን አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስሟ ከጸሎት መቅረቱ ያን ጊዜ ነው አንጀቱን የበላው። አያ አለነ ጢማቸውን ደባብሰው «እሰይ። ማክሰኝት ሩቅ ነው፤ እንኳን በሰላም ደረሰች» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዳርጋቸውም ሳቀ፤ ከዚያ ጠላ ልጨምር ብሎ ጓዳ ገብቶ ተንሰቀሰቀ።

ማታ ብርቄ ደወለች። «ማኅበሩስ?»

«በሰላም አለፈ» አላት።

«ቃልኪዳንስ?»

«ደህና ናት።»

ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በቃል ሦስት ጊዜ ዋሽቷታል፤ አራተኛ ቃል ምን ዋጋ አለው? በዓይኗ ትየው፣ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ልጇን በቀን ብርሃን ቆማ ታግኛት፣ አለ በሆዱ። እትዬ እንኳየሁንም እንዳይነግሯት አስማላቸው። ብርቄ ግን የሰማችው የለመደችውን «በሰላም አለፈ» ነው። «እሺ» አለችና ዘጋች። እስከ ውድድሩ ድረስ ሌላ ጊዜ አልደወለችም፤ ሲደውልም ስልኳ ዝግ ነው። የወንድ ነገር! ሲደብቅም ይደብቃል፣ መደበቁን ሲተውም ይደብቃል።

የውድድሩ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ አንዳርጋቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። በሶውን በማር በጠበጠ፣ በውሃ ፕላስቲክ ሞላ፣ የቃልኪዳንን ፀጉር አበጠረ፣ እጇን ይዞ ወጣ። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት፤ ቆም ብላ ብዙ አየችው። አስፋልቱ ዳር ሰው ተደርድሯል። እትዬ እንኳየሁ ቦታ ይዘውላቸው ነበር፤ አያ አለነም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ልጅቷ የሴትዮዋን ጥለት ይዛ አንጎራጎረች። አንዳርጋቸው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጠዋት አይቶ አያውቅም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወንዶች አለፉ። ሴቶቹ አሥር ደቂቃ ቀርቷቸዋል ተባለ። ያኔ ነው ከአዘዞ በኩል ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆማ ሙዚቃውን የለቀቀችው። ሰው ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ፊሽካ ነፋ። ቃልኪዳን ጆሮዋን ያዘች፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠች። አያ አለነ ምርኩዛቸውን እያወዛወዙ «አጥፉት!» አሉ፤ ማን ሊሰማቸው! ልጅቷ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ አጥብቆ ቢይዛት ብርቄ መጥታ ታያታለች፤ ትዳሩም ቤቱም በዚያች ደቂቃ ላይ ነው ያለው። ብርቄ መጥታ ሁለቱንም ብታጣቸው ግን ምን እንደምታስብ ያውቃል፤ ዛሬም ቆለፈባት ትላለች። አንዳርጋቸው አስፋልቱን ወደ ታች ቁልቁል አየ። ማንም አይታይም። ልጁን አየ። ጥርሷ እጇ ላይ ነበር።

በሶውን ለእትዬ እንኳየሁ ሰጣቸው። «እርስዎ ያቀብሏት» አለና ቃልኪዳንን ጀርባው ላይ አዘላት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ናት፤ ሰው ዞር እያለ እያየው፣ እየተጋፋ ወጥቶ በእርሻው መሐል በሚወስደው የእግር መንገድ ወደ ወንዙ ወረደ። ጩኸቱ ከኋላው እየቀነሰ ሄደ። አንድ የወይራ ዛፍ ሥር አወረዳትና አጠገቧ ተቀመጠ። በአካባቢው ማንም አልነበረም። ከላይ ጭብጨባው ሞቅ ብሎ ተሰማ፤ ሴቶቹ ደርሰው ይሆናል። ሁለት ወር የቆላው ገብስ፣ የተከፈተው በር፣ ያ ሁሉ አሜን፣ ሁሉም እላይ ቀርቶ እሱ እንደገና ከልጁ ጋር ብቻውን ከሰው ርቆ ተቀምጧል። አሁን ለብርቄ ምን ብሎ ሊያስረዳት ነው?

ስልኩ ጠራ። እትዬ እንኳየሁ ያለከልካሉ፣ የሮጡት እሳቸው ይመስል።

«መጣች! ሰጠኋት!»

«ምን አለች?»

«እኔን ስታየኝ ክው አለች። ቆመች እኮ፣ መሐል አስፋልት ላይ ቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ምነው፣ ልጄስ?› አለችኝ። ጩኸቱ አወካት፣ አባቷ አዝሏት ወረደ አልኳት። ‹አዝሏት? በዚህ ሁሉ ሰው መሐል?› አለች። አዎ፣ ሁላችን እያየን፣ አልኳት። በሶውን ግጥም አድርጋ ጠጣችው፣ አንዳርጌ፣ ዓይኗ እንባ ይሁን ላብ እንጃ።»

«ከዚያስ?»

«‹ቀስ ብለው ወደ ቤታችን ይሂዱ፤ እደርስባቸዋለሁ› ብላ ሄደች።»

 አንዳርጋቸው ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረ። ቃልኪዳን አሁንም ጆሮዋን እንደያዘች ነው፤ እስክትለቅ ጠበቃት። ብርቄ ገና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራታል።